ሙታንን የቈጠረው ሐኪም፦ የዊልያም ፋር ታሪክ

የጤና አጠባበቅ ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ የጆን ስኖውን ስም ያውቃል። በሎንዶን ከተማ በብሮድ ስትሪት ስለ ነበረው የውሃ መቅጃ፥ እጀታውም እንዴት እንደ ተነቀለ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ነገር ግን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ስምና አድራሻ ከየት እንዳገኘ የጠየቀ ስንት ነው? ዝርዝሩን የሰጠው መሥሪያ ቤት ነበረ፤ በመሥሪያ ቤቱም ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሙታንን የሚቈጥር አንድ ሐኪም ነበረ። ስሙ ዊልያም ፋር ይባላል። ይህ ሰው በሽታ የሚመጣው ከከተማው የተበላሸ አየር ነው ብሎ አጥብቆ የሚያምን፥ ይህንኑም በቍጥር አስረዳለሁ ብሎ ብዙ ዘመን የደከመ ነበረ። ቍጥሩን የሰበሰበው ስለ አየር ሊመሰክርለት ነበረ፤ ቍጥሩ ግን በመጨረሻ የመሰከረው ስለ ውሃ ነው። ብዕር ያነሣሁትም በዚሁ ነገር ተገርሜ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ፋር በኖቬምበር 30 ቀን 1807 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሽር አውራጃ ኬንሊ በምትባል መንደር ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ዶሪንግተን ወደምትባል መንደር በተዛወሩ ጊዜ ጆሴፍ ፕራይስ የሚባሉ አንድ ባለርስት ሕፃኑን ወደው አስጠጉት፤ እንደ ልጃቸውም አድርገው አሳደጉት፥ አስተማሩት። በሽሩዝቤሪ ከተማ ሆስፒታል ቍስል እያጠበና እያሰረ የሕክምናን ሥራ ከሥሩ ጀመረ። በ1828 ዓ.ም. ፕራይስ ሲሞቱ 500 ፓውንድ ተናዘዙለት፤ ለዚያ ጊዜ ለድኻ ልጅ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ፋርም ገንዘቡን መሬት አልገዛበትም፤ ትምህርት ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄደበት።

በፓሪስ ፒየር ሉዊ የሚባል ሐኪም ነበረ። ይህ ሰው በዘመኑ ለበሽታ ሁሉ ፍቱን ነው ተብሎ ይሠራበት የነበረውን ደም የማውጣት ሕክምና በሽተኞችን አንድ በአንድ እየቈጠረ መዝኖ፥ ጥቅሙ እንደሚወራው አለመሆኑን ያሳየ ነው። ፋር ከፓሪስ ይዞት የተመለሰው ትልቁ ስንቅ ይኸው የቈጠራ ነገር ነው። በ1832 ዓ.ም. በሎንዶን የሐኪምነት ፈቃድ ተቀበለ፤ በማግሥቱ ዓመት አገባ። ሕክምናው ግን አልሰመረለትም። ስለ ጤና አጠባበቅ ማስተማር ቢጀምርም አድማጭ አላገኘም፤ በዚያ ዘመን ሐኪም የሚፈለገው ከታመሙ በኋላ ነው እንጂ እንዳይታመሙ አልነበረምና። (ይህ ጠባይ ከእኛ ዘንድ ጨርሶ ጠፍቷል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።) በ1837 ዓ.ም. ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት።

በዚያው ዓመት የእንግሊዝ አገር አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ልደትና ሞት ይታወቅ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ያነሣችውንና የቀበረችውን በምትጽፍበት መዝገብ ነበረ። ከጁላይ 1 ቀን 1837 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በእንግሊዝና በዌልስ የተወለደና የሞተ ሁሉ በመንግሥት መዝገብ እንዲገባ፥ ለሞተውም ሰው የአሟሟቱ ምክንያት እንዲጻፍ ታዘዘ። ዋናው የመዝገብ መሥሪያ ቤት በሶመርሴት ሃውስ ተቋቋመ። ፋርም በዚሁ መሥሪያ ቤት የመዝገቡን ፍሬ ነገር አጠናቃሪ ሆኖ ገባ። ለአርባ ዓመት ያህል ከዚያ አልወጣም።

የመጀመሪያው ችግር የበሽታ ስም ነበረ። ከየአውራጃው የሚመጣው ወረቀት ላይ አንዱ ሰው በድንገት ሞተ ይላል፤ ሌላው በእርጅና፥ ሌላው በእግዚአብሔር ጥሪ። አንዱ በሽታ በየአገሩ ሦስት አራት ስም አለው፤ አንዱም ስም ሦስት አራት በሽታ ይሸፍናል። በዚህ ዐይነት የተጻፈ መዝገብ ቢደመር ቢቀነስ ምን ያስተምራል? ፋር ስለዚህ የበሽታዎችን ስም ለይቶ በየወገኑ ደለደለ፤ ለሐኪሞችም ሁሉ ይህንኑ ተከትለው እንዲጽፉ አሳሰበ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር አመጣጡ ሲቈጠር ከዚህ ከፋር ድልድል ይደርሳል።

ቍጥር ሰውን እንደሚያስቈጣም ያወቀው በመጀመሪያው ዓመት ነው። በመጀመሪያው የመዝገብ ሪፖርት ላይ 63 ሰዎች በረኀብ እንደ ሞቱ ጻፈ። የድኾችን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ኤድዊን ቻድዊክ በዚህ በጣም ተቈጣ። መንግሥት ለድኻ መጠጊያ አዘጋጅቶ ሳለ በረኀብ ሞተ ማለት ምን ማለት ነው፥ እነዚህ ሰዎች የሞቱት በበሽታ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ቻድዊክ ፋርን ለሥራው ከደገፉት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ፋር ግን ቍጥሩን አልሰረዘም። የምግብ ማነስ ሰውን በቀጥታ ብቻ ሳይሆን ለበሽታ አሳልፎ በመስጠትም ይገድላል ብሎ መለሰ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ስለ ንጹሕ ከተማ አብረው ቢሠሩም፥ በዚህ ነገር ማን ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ ብዙ የሚያስቸግር አይመስለኝም።

ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የሎንዶንን ሞት በየሳምንቱ እያተመ ማውጣት ጀመረ። ቈየት ብሎም ከግሪኒች የኮከብ መመልከቻ ጄምስ ግሌሸር የሚባለው ሊቅ የሙቀቱን፥ የአየሩን ክብደት፥ የነፋሱንና የዝናቡን ልክ ይልክ ነበርና፥ ሞትና አየር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይታተሙ ጀመር። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ይመስለናል። በዚያ ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ከተማ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ሰው ሞተብኝ፥ አየሬም እንዲህ ያለ ነበረ ብሎ በየሳምንቱ ራሱን የሚመረምርበት ሰሌዳ ማግኘቱ እንግዳ ነገር ነበረ። ፋር ከዚህ ሰሌዳ ላይ ብርድ ሲጠና ሽማግሌዎች እንደሚረግፉ አሳየ። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ዘዴ አወጣ። ባለፉት ዓመታት በዚሁ ወራት በአማካይ ስንት ሰው ይሞት እንደ ነበረ ያሰላል፤ ያንን አሁን ከሞተው ላይ ይቀንሳል፤ ትርፉ ያልተጠበቀ ሞት ነው። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ የጻፈው ምክንያት ቢሳሳት እንኳ ትርፉ አይሸሸግም። በ1847 ዓ.ም. መጨረሻ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሎንዶን ሲገባ የገደለው በስሙ ከተመዘገበው እጅግ የበለጠ መሆኑን ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ዘዴ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አየሩ ነገር እንግባ። በዚያ ዘመን አብዛኛው የተማረ ሰው ወረርሽኝ የሚነሣው ከበሰበሰ ነገር፥ ከረግረግ፥ ከእዳሪ በሚወጣ ክፉ ሽታ ነው ብሎ ያምን ነበረ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ተማሪ ቢኖር ሳቁን ትንሽ ያቈይ። አባቶቻችን ንዳድን ፈርተው ቆላ ወርደው ማደር ይጠሉ የነበረው፥ የቆላው አየር ራሱ ይይዛል ብለው አይደለምን? በ1918 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከፈጀ ወዲህስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ሲታጠን የኖረው፥ በሽታውን ከአየር ላይ ለማባረር አይደለምን? ሎንዶንም እንዲሁ ነበረች፤ ልዩነቱ ፋር ይህን እምነት በሒሳብ ሊይዘው መነሣቱ ነው።

በ1843 ዓ.ም. የከተማና የገጠር ሞትን አመዛዘነ። ከተማው ይበልጥ ይገድላል። ለምን? ከተሜው ከገጠሬው ይልቅ ተርቦ አይደለም፤ ደመወዙም የሚሻል ነበር። ፋር ምክንያቱን በመጨናነቅ አገኘው። በአንድ ማይል ካሬ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው በበዛ መጠን ሞቱም እንደሚጨምር አየ፤ ይህንንም በሒሳብ ሲያስቀምጥ ሞት ከመጨናነቁ ስድስተኛ ሥር ጋር አብሮ ይሄዳል አለ። ሒሳብ ለሚፈሩ ጓደኞቼ ሲተረጐም፥ መጨናነቁ 64 እጥፍ ቢሆን ሞቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የዚህም ምክንያት እንደ እርሱ አስተሳሰብ የሰው እስትንፋስና የቈሻሻው ትነት በጠባብ ቦታ ተከማችቶ አየሩን መመረዙ ነበረ። በሽታን የሚያመጣው ነገር እንደ እርሾ ነው፤ ከአንዱ አካል ወጥቶ በአየር ይሄዳል፥ በሌላው ደም ውስጥ ይቦካል ብሎ ያምን ነበር። የዚህን ወገን በሽታዎችም ከእርሾ በተወሰደ የግሪክ ቃል ሰየማቸው። ሊጡን የሚያቦካው ሕያው ነገር መሆኑን ፓስተር ሳያሳይ የተጻፈ መሆኑን ስናስብ ያን ያህል የሳተ ግምት አይደለም።

በ1848 እና በ1849 ዓ.ም. ኮሌራ ገባ። በሎንዶን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው ሞተ። ፋር ከሦስት ዓመት በኋላ በ1852 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ከዚያ በፊት ስለ አንድ ወረርሽኝ እንዲህ ተመርምሮ የተጻፈ የለም የሚባልለት ነው። የሟቾችን ዕድሜ፥ ፆታ፥ ሠፈር፥ ቀን፥ የቤታቸውን ኪራይ ልክ፥ የሚጠጡትን ውሃ ሳይቀር ደረደረ። ከዚያም ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ዐይኑን ማረከው፤ ይኸውም የመሬቱ ከፍታ ነው። ከቴምዝ ወንዝ ሙላት በላይ 20 ጫማ በማይሞላ ቦታ ከሚኖሩት ከ10,000 ሰዎች 102 ሞቱ። ከ20 እስከ 40 ጫማ ባለው 65፤ ከ40 እስከ 60 ባለው 34፤ ከ60 እስከ 80 ባለው 27፤ ከ80 እስከ 100 ባለው 22፤ ከ100 እስከ 120 ባለው 17። ከሁሉ ከፍ ባለው፥ በ350 ጫማ ገደማ ላይ፥ 8 ብቻ።

እስቲ በእርሱ ቦታ ሆነን እናስበው። አንድ ሰው ይህን ያህል ዘመን ቍጥር ሲደምር ኖሮ፥ ድንገት ቍጥሩ እንደ ደረጃ በደረጃ ተሰልፎ ሲቆምለት፥ ያውም አስቀድሞ የሚያምነውን ሲያረጋግጥለት ምን ይሰማዋል? ከወንዙ ዳር ከሚበሰብሰው ጭቃ የሚነሣው ክፉ አየር ከበድ ያለ ስለ ሆነ በቆላው ይተኛል፥ ወደ ደጋው በወጡ ቍጥር እየሳሳ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ገጠመ። ፋር ውሃውም ልዩነት እንዳለው በራሱ ሠንጠረዥ ላይ አይቷል፤ ነገር ግን ከፍታው ይበልጣል ብሎ አለፈው። ቍጥሩ ትክክል ነበረ። ደመራውም ትክክል ነበረ። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወንዙ ዳር በዝቅተኛው ቦታ የሚኖሩት ሰዎች ክፉውን አየር ሲተነፍሱ፥ የከተማው እዳሪ የሚፈስበትን ውሃም የሚጠጡት እነርሱ ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች ሁልጊዜ ተጣምረው ይገኙ ስለ ነበር አንዱን ከሌላው ለመለየት አልተቻለም።

ለይቶ ያሳየው ስኖው ነው። ስኖው በሽተኛን ለቀዶ ሕክምና በኤተርና በክሎሮፎርም የሚያስተኛ ሐኪም ነበረ፤ ንግሥት ቪክቶሪያን በ1853 ዓ.ም. ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እርሱ ነው። ሥራው ከትነት ጋር ስለ ነበረ፥ ትነት ከምንጩ በራቀ ቍጥር ቶሎ እንደሚሳሳና ኃይሉ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ስለዚህ የአየሩን ነገር አልተቀበለም። ኮሌራ በአፍ ገብቶ ሆድን የሚይዝ በሽታ ነው፥ የሚመጣውም በተበከለ ውሃ ነው ብሎ በ1849 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው አላመነውም። በ1853 ዓ.ም. ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ ግን ከፋር ሳምንታዊ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር አየ። ከቴምዝ ደቡብ ባሉት ሠፈሮች ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ቧንቧ ዘርግተው፥ አንዱ ቤት ከዚህ፥ ጎረቤቱ ከዚያ ይቀዳ ነበር። የሳዘርክና ቮክሶል ኩባንያ ውሃውን የሚስበው ከከተማው ውስጥ ነው። የላምቤዝ ኩባንያ ግን በ1852 ዓ.ም. መሳቢያውን የከተማው እዳሪ ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው ወንዝ ወስዶታል። አየሩ አንድ፥ ከፍታው አንድ፥ ሰዉም አንድ ዐይነት፥ ውሃው ብቻ ሁለት።

ስኖው የሟቾችን አድራሻ ከመዝገብ መሥሪያ ቤቱ ጠየቀ። እዚህ ላይ ነው የፋር ጠባይ የሚታየው። የሚጠየቀው ነገር የገዛ ሕጉን ለማፍረስ የሚውል መሆኑን ያውቃል። ሰጠው። መስጠት ብቻ ሳይሆን፥ የደቡብ ሎንዶን መዝጋቢዎች ሁሉ ከዚያ ጀምሮ በኮሌራ የሞተ ሰው ሲመዘገብ ቤቱ ውሃ የሚቀዳው ከየትኛው ኩባንያ እንደ ሆነ ጨምረው እንዲጽፉ አደረገ። ስኖውም አድራሻውን ይዞ በየቤቱ በእግሩ ዞረ። የቤቱ ሰዎች የውሃውን ኩባንያ ካላወቁ ጥቂት ውሃ ተቀብሎ የብር ናይትሬት ጠብ ያደርግበታል፤ የባሕር ማዕበል የሚደርስበት የከተማው ውሃ ጨው ስለሚበዛበት ወዲያው ይለያል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንት ከሳዘርክና ቮክሶል በሚቀዱት 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከላምቤዝ በሚቀዱት 26,107 ቤቶች የሞቱት 98 ናቸው። ለ10,000 ቤት ሲሰላ 315 እና 37 መሆኑ ነው። የብሮድ ስትሪቱ መቅጃ ታሪክ የተፈጸመው በዚያው በ1854 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ ሲሆን፥ የዚያንም ሠፈር ሟቾች ዝርዝር ስኖው የወሰደው ከዚሁ መሥሪያ ቤት ነው።

ታዲያ ፋር ወዲያው አመነን? አላመነም። መንግሥት ወረርሽኙን እንዲመረምር ባቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ ውስጥ እርሱም አባል ነበረ። ጉባኤው የሙቀቱን፥ የነፋሱን፥ በቴምዝ ላይ የሚተኛውን ጉም ሁሉ በግሌሸር አስመርምሮ፥ በ1855 ዓ.ም. የስኖውን ሐሳብ የሚያስቀብል ምክንያት አላገኘንም ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። ፋርን ከዚህ ነጻ ላወጣው አልፈልግም፤ በሐሳቡ ተቃወመ፥ በመረጃው ግን አልሰሰተም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በ1858 ዓ.ም. በጋ ቴምዝ እጅግ ከመሽተቱ የተነሣ የፓርላማው መጋረጃ በክሎሪን መድኃኒት እየተነከረ ይሰቀል ነበር። ሽታ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያ በጋ ሎንዶንን በጨረሳት። ሳምንታዊው ሰሌዳ ግን የተፈራውን ዕልቂት አላሳየም። ስኖው በዚያው ዓመት በጁን ወር በ45 ዓመቱ ሞተ። ማሸነፉን አላየም።

ፋር በእነዚህ ዓመታት ሥራ አልፈታም። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1856 ዓ.ም. ከክሪሚያ ጦርነት ስትመለስ ያገኘችው አማካሪ እርሱ ነበረ። ሁለቱ ተጋግዘው የጦሩን መዝገብ ሲመረምሩ፥ በሰላም ጊዜ በገዛ አገሩ ሠፈር ተቀምጦ የሚኖር ወታደር ተመርጦና ተመርምሮ የገባ ጐልማሳ ሆኖ ሳለ፥ ከእኩያው ከተሜ እጥፍ ገደማ እንደሚሞት አሳዩ። ወታደሩ የሚተኛበት ክፍል እጅግ የተጣበበና ነፋስ የማይገባበት ነበር፤ የሚፈጀውም የሳንባ በሽታ ነበረ። በኮርንዎል የማዕድን ቈፋሪዎችንም ሞት ከማይቈፍሩት ከዚያው አገር ወንዶች ጋር አስተያይቶ፥ የቈፋሪዎቹ ትርፍ ሞት የመጣው ከሳንባ በሽታ መሆኑን ለመንግሥት ምርመራ አቀረበ። እንግዲህ ስለ ኮሌራ የተሳሳተው ሰው ስለ አየር ሁሉ አልተሳሳተም። በሠፈሩ አንድ ሺህ ሰው 17 ብቻ የሚሞትባቸውን ጤነኛ ወረዳዎች መርጦ መለኪያ ማድረጉም የእርሱ ነው፤ አንድ ከተማ ከ17 በላይ የሞተበትን ሁሉ ሊያድነው ይችል እንደ ነበረ ይቈጠርበታል ማለት ነው። የከተማ ሹማምንት ይህን መለኪያ እንዳልወደዱት መናገር አያስፈልግም።

በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሎንዶን መጣ። አሁን አብዛኛው ከተማ አዲሱ የቈሻሻ ውሃ መውረጃ ተሠርቶለት ስለ ነበረ ሞቱ የተጠራቀመው በምሥራቁ ክፍል ሆነ። ፋር ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ የከፍታ ካርታውን በዘረጋ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ ያነሣው የውሃ ቧንቧዎቹን ካርታ ነው። ሞቱ የምሥራቅ ሎንዶን የውሃ ኩባንያ ከኦልድ ፎርድ ውሃ በሚያድልበት ሠፈር ልክ ቆሟል። ከፍታው ምንም አልነገረም። የኩባንያው መሐንዲስ ያልተጣራ ጠብታ ውሃ ለሕዝብ አልሰጠንም ብሎ በጋዜጣ አስተባበለ። ትንሽ ቈይቶ ሁለት ደንበኞች በቧንቧቸው ውስጥ እባብ መሳይ ዓሣ ማግኘታቸውን ተናገሩ፤ ይህን የሚያህል ፍጥረት ካለፈ ማጣሪያው ምን እንዳጣራ አንባቢ ይፍረድ። ፋርም በ1868 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ከ5,500 በላይ ለሆነው ለምሥራቅ ሎንዶን ሕዝብ ዕልቂት ምክንያቱ የኩባንያው ውሃ መሆኑን ያለ ማመንታት ጻፈ። ስለ ስኖውም ተገቢውን ምስክርነት ሰጠ። የአየሩን ሐሳብ ጨርሶ አልጣለውም፤ ነገር ግን ሐኪሞች በአየር ላይ ሁሉን ሲያላክኩ አየር ራሱ ጠበቃ አላገኘም፥ ውሃ ግን ሀብታም ኩባንያዎች ጠበቃ ሆነውለታል የሚል መራራ ቀልድ በሪፖርቱ ውስጥ አስገባ። ሰው በስልሳ ዓመቱ የገዛ ስሙ የተጠራበትን ሕግ እንዲህ ሲተው ማየት በትምህርት ዓለም የተለመደ አይደለም። እኛ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ላይ መምህር የቀይ እርሳስ ምልክት ሲያኖርብን ስንት ቀን እንደምንኰራረፍ አውቃለሁ።

የእርጅናው ዘመን አላማረም። በ1879 ዓ.ም. ዋናው የመዝገብ ሹም ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለእርሱ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ሌላ ሰው ተሾመበት። ፋርም አዝኖ ሥራውን ለቀቀ። በኤፕሪል 14 ቀን 1883 ዓ.ም. ሞተ፤ በብሮምሊ ኮመን ተቀበረ።

የቈጠራው ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር አልተቀበረም። በአዲስ አበባ ከተማ የሞት መዝገብ ባልተሟላበት ጊዜ፥ የዚሁ የዩኒቨርሲቲያችን የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበሩትን እየመዘገበ የከተማውን ሞት ሲያጠና የነበረው በዚሁ መንፈስ ነው። በአገራችን ልደትና ሞት በመላው አገር በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን፥ የእንግሊዝ አገሩ የዚያን ጊዜ 179 ዓመት ሆኖት ነበር።

ስለ ትርፍ ሞት የነገርኋችሁን ዘዴ እዚህ ላይ ላንሣው። ሎንዶን የድንጋይ ከሰል የምታነድ ከተማ ነበረች። ፋር ገና በሥራ ላይ ሳለ በ1873 ዓ.ም. ዲሴምበር የወደቀው ጢስ ያዘለ ጉም በኢዝሊንግተን ለትርኢት የመጡትን የሰቡ ከብቶች አፍኖ ገደለ፤ ሳምንታዊው ሰሌዳም ከከብቶቹ ሌላ የሰዉ ሞት መብዛቱን አሳየ። ግን ነገሩ በጉም ተመካኝቶ ታለፈ። በ1952 ዓ.ም. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን እንዲህ ያለው ጉም እንደ ገና ወደቀ። ሰው እግሩን ማየት እስኪሳነው፥ አውቶቡስ ከፊቱ ሰው ፋና ይዞ እየመራው እስኪሄድ ድረስ ጨለመ። አብዛኛው ሎንዶናዊ ግን ጉም የለመደ ነውና መሞቱን አላወቀም። ያወቀው መዝገቡ ነው። ከጉሙ በፊት በነበረው ሳምንት በሎንዶንና በአካባቢዋ የተመዘገበው ሞት 2,062 ነበረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት 4,703 ሆነ። ይህን ደምሮ በ1953 ዓ.ም. ያወጣው ሐኪም ዊልያም ሎጋን ሲሆን፥ የሚሠራውም በፋር መሥሪያ ቤት፥ በፋር ሥራ ላይ ነበረ። የጢሱ መለኪያ ጣቢያዎች የጻፉት መስመርና የሞቱ መስመር አንድ ላይ ሲነሣ አብሮ ወጣ፥ ሲወርድም አብሮ ወረደ። መጀመሪያ ትርፍ ሞቱ 4,000 ገደማ ነው ተባለ። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት የሞተውን መንግሥት በኢንፍሉዌንዛ አመካኝቶት ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. እንደ ገና የመረመሩት ሊቃውንት ግን ጠቅላላውን ወደ 12,000 አደረሱት። በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ።

በ2013 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ሎንዶን መኪና ከሚበዛበት ትልቅ መንገድ አጠገብ የምትኖር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ በአስም ሞተች። እናትዋ ብዙ ዓመት ከተከራከረች በኋላ በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. የአሟሟት መርማሪው ጉዳዩን እንደ ገና አየው። በአካባቢው ያሉት መለኪያዎች የመዘገቡት የአየር ቍጥር ቀርቦ ተመረመረ። ፍርዱ የተሰጠው በሳዘርክ ነው፤ ፋር በ1849 ዓ.ም. ሞት ከአየር ይመጣል ብሎ በተሳሳተበት በዚያው በወንዙ ደቡብ ዳር። በልጅቱ የሞት ምክንያት ላይ የተጻፉት ሦስት ናቸው፤ የመተንፈሻ አካል መድከም፥ ብርቱ አስም፥ ለተበከለ አየር መጋለጥ። የመጨረሻው በብሪታንያ የሞት መዝገብ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያ ጊዜው ነበረ።